ገጽ ሁለት፣ ሦስተኛው ዘፈን

ሰው ዕድሜውን ይቆጥራል፣ በልጅ ወይ በርስት፤
እኔ የምቆጥረው በካሴት ነው፣ በሴት።
የተዳርሁት አንጓች «የጭድ እሳት»ን ያወጣች ሰሞን፤
የስለናት ደግሞ ደንበጫ ሲገባ፣ ፈታሁት ሰውየውን።

ወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ በቆርቆሮ ሱቄ፣
ሁለቱን ስመዝን ኖርሁ ተጨንቄ፤
በጨርቅ ሜትር ብለካ፣ በመቀስ ብከፍል፣
አንዷ ለአንዷ ልክ አልሆን ስትል።

አንጓች አራት ካሴት አላት። ግጥሙም ዜማውም የራሷ፤
ማን ይጽፍላታል? ከነቁጣዋ ነው የምትቀርበው እሷ።
እንደ ቡሬ በርበሬ፣ ሳይነኳት የምታስነጥስ፣
አንዱ ስንኝ ሳይበርድ ሌላው ላይ የምትደርስ።
ሁለተኛው ሥራዋ፣ «ክረምት ያሳደረው»፣
ከፍኖተ ሰላም እዚህ ሹፌር ሁሉ በቃሉ የያዘው።
ሦስተኛውን ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አልወድም፤
ኦርጋኑ ውጧታል፣ ድምጿን ፈልጌ አላገኝም።
አራተኛው? ይቅር። ስም የወጣ ለታ
እላቂ ነጠላም ይሸጣል እንደ ኩታ።

ስለናት አንድ ብቻ። አንዲት ካሴት። «ቀሪ ሂሳብ» ትላለች።
መዝፈንም አይደለም፤ ታወራለች እንጂ፣ ከራሷ ጋር እንደሆነች፤
ክራሩን በአንድ ጣት፣ መብራት በሄደበት ቤት
ሳንቲም የምትቆጥር ትመስላለች ያቺ ሴት።
ደብረ ማርቆስ ነው ያገኘኋት፣ ለክር ብዬ ወጥቼ፤
እሷን በጉያዬ ይዤ ተመለስሁ፣ ክሩን ረስቼ።
መጀመሪያ ስሰማ «ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?» ብዬ ስቄባታለሁ፤
በሳምንቱ፣ የሰው ሱሪ እያጠፍሁ፣ እግሬ መርገጡን ትቶ ራሴን አገኘሁ።

ቢያድግልኝ አናጢው የአንጓች ወገን ነበር፦
«አንድ ካሴት ያላት? አንድ እግር ያለው ወንበር!»
«እሱስ» አልሁት፣ «ባለ አራት እግሩስ የሸጥህልኝ
ካርቶን ካላጎረስሁት መቼ ቆሞ አስቀመጠኝ?»

አንድ ማታ ቴፑ በላብኝ፣ ገጽ ሁለት፣ ሦስተኛው ላይ፤
እንደ በግ አንጀት ተጎልጉሎ ወጣ፣ ዐይኔ እያየ፣ ወይ!
የተበላውን ጫፍ በመቀስ ቆርጬ፣
በጥፍር ቀለም አጣብቄ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
መለስሁት። ዘፈነች። አንዲት ቃል ግን የለችም፦
«በሬን አልዘጋሁትም፣ ይገባል ብዬ—» ከዚያ ዝም።

ማን ነው የሚገባው? መጀመሪያ «ባሌ» አልሁ። ኋላ ተውሁት።
አንድ ዓመት «ንጋት» አልሁ፤ አንድ ክረምት ሙሉ «ልጅ» አልሁበት።
እናቴ የሞተች ሰሞን ምንም አልሞላሁም፤
ክሩ ዞሮ ሲያልፍባት ኮሽ እንኳ አላልሁም።
ሃያ ዓመት እንዲህ ጠቀምኋት፣ ያቺን ቀዳዳ፤
አንድ ጊዜ በተስፋ፣ አንድ ጊዜ በዕዳ።

ዘንድሮ ደግሞ ይታይሽ አለች፣ ቁልፍ ሰፊዋ ልጅ፤
ትርንጎን ነው የምትሰማው፣ አዲሷን፣ ቀን ከሌት፣ እንደ አዋጅ።
ካሴት የላት ትርንጎ፤ አንድ አንድ ነው የምትጥል፣ እንደ ዶሮ ዕንቁላሏን፤
እኔም አዳመጥኋት፣ ለይታይሽ ስል፣ ሁሉንም ሁሉን።
ደህና ትጽፋለች፣ መጻፉንስ፤ ግን ምን ያደርጋል፣
አንዱ ሳይሞቅሽ ሌላው ተፈልፍሎ ይሮጣል።

ይቺው ይታይሽ ናት፣ አንድ ቀን፣ ከስልኳ ያወጣችልኝ፣
«እትዬ፣ ያንቺዋም አለች» ብላ፣ ሙሉውን የከፈተችልኝ።
መቀሴን አስቀመጥሁ። ደረሰ። ሦስተኛው። ያ ስንኝ፦
«በሬን አልዘጋሁትም፣ ይገባል ብዬ ድመቴ» አለችኝ።

ድመት!

ባል አስገብቼ፣ ንጋት አስገብቼ፣ ያለቀስሁበት
በር፣ ለካ ድመት ኖሯል የሚያልፍበት!
ሳቅሁ፣ ይታይሽ እስክትደነግጥ፤ ሳቅሁ እስኪያመኝ ጎኔ፤
ከዚያ ደግሞ ከፋኝ። ግጥሙ የሷ ነው፤ ምን አገባኝ እኔ?
የአንጓች ዘፈን፣ ይኸው፣ አንድ ቃል አይጎድለውም፤
ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ እንጂ፣ መርፌ ማስገቢያ የለውም።

ቢያድግልኝ ሰምቶ «አየሽ፣ ለድመት ኖሯል!» አለና
ወንበሬን ገለበጠው፣ ምስማር በአፉ ይዞ፣ ዛሬ ገና።

የትኛዋ ትበልጣለች? ነገ ለሰርግ የሚደርስ አሥር ቀሚስ አለብኝ፤
ይታይሽ፣ ስልክሽን ዝጊና የተቆረጠውን ክፈቺልኝ።

«በሬን አልዘጋሁትም፣ ይገባል ብዬ—» ዝም።
የዘንድሮውን ቃል፣ እውነቴን ነው፣ ገና አልመረጥሁም።